አሠልጣኙ ራሱ ሯጭ ነበርን? የአሠልጣኞች የኋላ ታሪክና የውድድር ፈተና

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው የአበው ብሂል በየሙያው ይሠራል። ሌሎችን ለማስተማር የሚነሣ ሰው አስቀድሞ ራሱ መማር እንዳለበት የሚክድ የለም። ክርክሩ የሚነሣው ትምህርቱ ከየት ይገኛል በሚለው ላይ ነው። የግንብን ጠባይ የሚያውቀው በእጁ ድንጋይ ሲጠርብ የኖረ ግንበኛ ብቻ ነውን? ወይስ በስሌትና በንድፍ ያደገ መሐንዲስም ሊያውቀው ይችላል? በምሕንድስና ሙያ ይህ ጥያቄ በየሥራው ቦታ ሲነሣና ሲወድቅ ይኖራል። በስፖርት ዓለም ደግሞ ጥያቄው ይበልጥ ይከብዳል፤ በዚያ የሚፈተነው ብረትና ሲሚንቶ ሳይሆን የሰው ገላ ነውና። የተበላሸ ምሰሶ ፈርሶ እንደገና ሊሠራ ይችላል። በተሳሳተ ልምምድ የተሰበረ የአንድ ወጣት የሩጫ ዘመን ግን ተመልሶ አይገኝም።

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው የመካከለኛና የረጅም ርቀት ሩጫ አሠልጣኞችን ነው። እነዚህ ሰዎች ወደ አሠልጣኝነት የመጡት በተለያየ መንገድ ነበር። ከፊሎቹ ራሳቸው ሲሮጡ ኖረው፣ ከፊሎቹ በመለኪያና በምርምር፣ ከፊሎቹም በወታደር ቤትና በትምህርት ቤት በኩል ነው። የኋላ ታሪካቸው በውድድር ቀን ምን ጠቀማቸው? ምንስ ጎዳቸው? ይህን ለመመርመር ከሁሉ ይልቅ የሚመች አንድ ወቅት አለ፤ እርሱም በሮም ከተማ የተደረገው 17ኛው ኦሎምፒያድ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ተብለው ከተለዩት በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዘጠኙ የሮም ቀናት

ሴፕቴምበር 2 ቀን 1960 ከአንድ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ሁለት የኒውዚላንድ ልጆች ተከታትለው የወርቅ ሜዳልያ ወሰዱ። ፒተር ስኔል 800 ሜትርን በ1 ደቂቃ ከ46.3 ሴኮንድ፣ መሬይ ሃልበርግ ደግሞ 5,000 ሜትርን በ13 ደቂቃ ከ43.4 ሴኮንድ ፈጸሙ። ሴፕቴምበር 6 ቀን አውስትራሊያዊው ኸርብ ኤልየት 1,500 ሜትርን በ3 ደቂቃ ከ35.6 ሴኮንድ ሮጦ አሸነፈ፤ የዓለምንም ክብረ ወሰን አሻሻለ። ሴፕቴምበር 10 ቀን፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ ማለትም በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ የክብር ዘበኛው ወታደር አበበ ቢቂላ ባዶ እግሩን በሮም ጎዳናዎች ሮጦ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሴኮንድ ፈጸመ። ከዚያ ቀን በፊት ያን ርቀት በዚያን ያህል ፍጥነት የሮጠ ሰው አልነበረም።

ከእነዚህ አራት ድሎች ጀርባ ሦስት አሠልጣኞች ነበሩ። የሁለቱ ኒውዚላንዳውያን አሠልጣኝ አርተር ሊድያርድ፣ የኤልየት አሠልጣኝ ፐርሲ ሰራቲ፣ የአበበ አሠልጣኝ ሻለቃ ኦኒ ኒስካነን ይባላሉ። ከሦስቱ አንዱም የኦሎምፒክ ሜዳልያ አልነበረውም። ወደ ሙያውም የገቡት በአንድ በር አልነበረም። ታሪኩን አስተማሪ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

ራሱን የፈተነ ጫማ ሠሪ

አርተር ሊድያርድ በ1917 ተወልዶ በኦክላንድ ከተማ በጫማ ፋብሪካ ይሠራ የነበረ ሰው ነው። በወጣትነቱ ራግቢ ይጫወት ነበርና ጉልበቱን ይተማመንበት ነበር። አንድ ቀን ግን በዕድሜ ከሚበልጠው የክለቡ ሰው ጋር ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ ትንፋሹ አጠረበት። በዚህ ዕድሜ እንዲህ ከሆነ ወደፊት ምን ሊሆን ነው ብሎ ደነገጠ፤ ከዚያም ቀን ጀምሮ ራሱን መፈተን ያዘ። በሳምንት ጥቂት ኪሎ ሜትር ሮጦ ውጤቱን ተመለከተ፤ ከመጠን በላይ ሮጦም ተመለከተ። ዳገት፣ ሜዳ፣ ዝግታ፣ ፍጥነት፣ ሁሉንም በየተራ በገዛ እግሩ ሞከረ። ከብዙ ዓመት ሙከራ በኋላ በሳምንት 160 ኪሎ ሜትር ያህል ለሯጭ ጽኑ መሠረት እንደሚሆን ደመደመ። በ1953 እና በ1955 የኒውዚላንድ የማራቶን ሻምፒዮን ለመሆን የበቃው ይህንኑ ዘዴ ተከትሎ ነው።

ሊድያርድ ከዚህ የደረሰበት ሐሳብ በዘመኑ እንግዳ ነበር። የ800 ሜትር ሯጭ የሆነውን ስኔልን እንኳ እሑድ እሑድ በዋይታኬሬ ኮረብታዎች ላይ 35 ኪሎ ሜትር ያስሮጠው ነበር። ከሁለት ደቂቃ በታች ለሚያልቅ ውድድር ከሁለት ሰዓት በላይ መሮጥ ምን ይረባል ብለው የጠየቁ ብዙዎች ናቸው። የዛሬው የአካል ሳይንስ ግን ለሊድያርድ ይመሰክርለታል። በ800 ሜትር ሩጫ ከሚወጣው ኃይል ከግማሽ በላይ የሚሆነው በኦክስጅን የሚመነጭ ነውና፣ ልብንና ሳንባን በረጅም ሩጫ ያደራጀ ሰው በአጭሩም ይጠቀማል። ሊድያርድ ይህን የደረሰበት በቤተ ሙከራ ሳይሆን በእግሩ ነው። እርሱ ያሠለጠነው ስኔል ከጊዜ በኋላ በአሜሪካ የአካል ሳይንስ ተምሮ የዶክትሬት ማዕርግ ማግኘቱና ተመራማሪ መሆኑ ታሪኩን ያጣፍጠዋል።

ይሁን እንጂ በራስ ገላ መፈተን አደጋ አለው። መሐንዲስ አንድ የኮንክሪት ናሙና ብቻ ሰብሮ የድልድይን ጥንካሬ አይወስንም፤ ብዙ ናሙና ይፈልጋል። ራሱን ብቻ የፈተነ አሠልጣኝ ግን በእጁ ያለው አንድ ናሙና ነው፤ እርሱን የጠቀመው ሌላውን ሊሰብር ይችላል። ሊድያርድን ከዚህ ያዳነው ዘዴውን በጎረቤቶቹ ልጆች ላይ ለዓመታት እየሞከረ ማረሙ ነው። ሃልበርግ በራግቢ ጨዋታ ግራ ክንዱ የተጎዳ ልጅ ነበር። ሊድያርድ በእርሱ ላይ የራሱን ቅርጽ አልጫነም፤ ያለውን ኃይል ተመልክቶ የሚስማማውን አወጣለት። በሮም ሃልበርግ ሦስት ዙር ሲቀረው ድንገት ፈትልኮ ያሸነፈበት ስልት ከዚህ የመጣ ነው።

ከበሽታ የተነሣው ሽማግሌ

ፐርሲ ሰራቲ በ1895 ተወለደ። በሮም ውድድር ጊዜ የ65 ዓመት ሽማግሌ ነበር። በወጣትነቱ ጥቂት ሮጦ የተወው ሲሆን ለብዙ ዘመን በስልክ ቴክኒሽያንነት አገልግሏል። በ1939 አካባቢ ጤናው ክፉኛ ታወከ። ከዚያ የዳነው በእግር ጉዞ፣ ቀጥሎም በሩጫ ሲሆን፣ ከሃምሳ ዓመቱ በኋላ እንኳ ማራቶን ይሮጥ ነበር። ኋላም በፖርትሲ የባሕር ዳርቻ ካምፕ መሥርቶ ወጣቶችን በአሸዋ ክምር ላይ ሽቅብ ያስሮጥ ጀመር።

የሰራቲ የኋላ ታሪክ የሻምፒዮን ታሪክ አይደለም፤ ከውድቀት የተነሣ ሰው ታሪክ ነው። በመሆኑም ለኤልየት ያስተላለፈው ትምህርት ከሰዓት መለኪያ ይልቅ በፈቃድ ላይ ያተኮረ ነበር። ሕመምን ከመሸሽ ይልቅ ወደ ሕመም መቅረብን አስተማረው። ኤልየት በ1,500 ሜትርና በማይል ሩጫ አንድ ጊዜም ሳይሸነፍ ውድድርን መተዉ የዚህን ትምህርት ኃይል ያሳያል። ነገር ግን እንደ ሰራቲ ያለ አሠልጣኝ እንደ ኤልየት ያለ ጠንካራ ገላ ካላገኘ ምን ይሆናል? ፈቃድ ብቻውን አጥንትን ከመሰንጠቅ አያድንም። ጭነት ሲጨምር የሚሸከመው አካል ልክ መታወቅ አለበት። በዚህ በኩል የተነሡት ደግሞ ሌሎች ናቸው።

ልብን የለካ መምህር

ጀርመናዊው ቮልደማር ጌርሽለር በዓለም የታወቀው በራሱ ሩጫ ሳይሆን በመለኪያው ነው። በፍራይቡርግ ከልብ ሐኪሙ ከራይንደል ጋር ሆኖ የሯጮችን የልብ ትርታ ይቆጥር ነበር። ዘዴው ለመሐንዲስ ጆሮ የሚጥም ነው። ሯጩ አጭር ርቀት በፍጥነት ይሮጥና የልቡ ትርታ በደቂቃ ወደ 180 ይደርሳል። ከዚያ ያርፋል። ትርታው በ90 ሴኮንድ ውስጥ ወደ 120 ከወረደ ሩጫውን ይደግማል። ካልወረደ ግን ጭነቱ ከልክ በላይ ነበርና ይቀነሳል ወይም ልምምዱ ያበቃል። በሌላ አነጋገር የሥራው መጠን በአሠልጣኙ ግምት ሳይሆን ከሯጩ ገላ በሚመለሰው መልእክት ይወሰናል።

የዚህ ዘዴ ፍሬ የታየው ቀደም ብሎ ነው። ሩዶልፍ ሃርቢግ በ1939 በሚላኖ ከተማ 800 ሜትርን በ1 ደቂቃ ከ46.6 ሴኮንድ ሲሮጥ ያስመዘገበው ክብረ ወሰን ለ16 ዓመታት ያህል ሳይደፈር ቆየ። በ1955 ክብረ ወሰኑን ያሻሻለው ቤልጅጋዊው ሮዠ ሙንስም የጌርሽለር ተማሪ ነበር። በ1952 በሄልሲንኪ 1,500 ሜትርን ያሸነፈው የሉክሰምቡርጉ ጆዚ ባርቴል እንዲሁ። ስለዚህ በሮም የ800 ሜትር ፍጻሜ ስኔልና ሙንስ ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው ሲደርሱ የተፎካከሩት ሁለት ሯጮች ብቻ አልነበሩም፤ በገላ የተፈተነ ዕውቀትና በመለኪያ የተፈተነ ዕውቀት ጭምር ነበሩ። ስኔል ቀደመ፤ የቀደመው ግን በጥቂት የሴኮንድ ክፍልፋይ ነው። ከዚህ ተነሥቶ አንዱ ዘዴ ሌላውን ረታ ብሎ መፍረድ ችኩልነት ይሆናል።

በሁለቱ መካከል የቆመው ሀንጋሪያዊው ሚሃይ ኢግሎይ ነው። ኢግሎይ በ1936 በበርሊን ኦሎምፒክ በ1,500 ሜትር የተወዳደረ ሲሆን፣ ኋላ በቡዳፔስት ሻንዶር ኢሃሮሽን፣ ላስሎ ታቦሪንና ኢሽትቫን ሮዛቮልጂን አሠለጠነ። በ1955 ሦስቱ ሯጮች የዓለምን ክብረ ወሰን ደጋግመው ሰባበሩ። ኢግሎይ በሜዳው ዳር ቆሞ የእያንዳንዱን ሯጭ አረማመድና ፊት እያየ የሚቀጥለውን ሩጫ ያዝዝ ነበር። ነገር ግን በ1956 መጸው በሀንጋሪ አመፅ ተነሣ፤ የሶቪየት ጦርም ገባ። በሜልቦርን ኦሎምፒክ ከእነዚህ ሦስት ሰዎች አንዱም ሜዳልያ አላገኘም። ታቦሪ በ1,500 ሜትር አራተኛ ወጣ። የውድድር ቀን የሚፈትነው እግርን ብቻ ሳይሆን ልብን፣ እንቅልፍንና የሀገርን ሰላም ጭምር መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አይገኝም። ኢግሎይ ወደ አሜሪካ ተሰደደ፤ በእርሱ ዘዴ የሠለጠነው አሜሪካዊው ቦብ ሹልም በ1964 በቶኪዮ 5,000 ሜትርን አሸነፈ።

ሻለቃ ኒስካነንና የአዲስ አበባ ልጆች

ሻለቃ ኦኒ ኒስካነን በ1910 በፊንላንድ ተወልደው በስዊድን ያደጉ መኮንን ነበሩ። ወደ ኢትዮጵያ የመጡት በ1946 ሲሆን በወታደር ትምህርት፣ ቀጥሎም በሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ሥራ አገልግለዋል። ስለዚህ የኋላ ታሪካቸው ከሊድያርድም ከጌርሽለርም ይለያል። የመጡት እንደ ወታደርና እንደ መምህር ነው። ስካንዲናቪያ የነበራትን የሩጫ ባህል ይዘው መጡ፤ ያገኙት ግን ስካንዲናቪያ የሌላትን ሀገር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስትሆን የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። በዚያ የሮጠ ሰው በየትንፋሹ የሚያገኘው ኦክስጅን ያነሰ በመሆኑ ደሙ በጊዜ ብዛት ኦክስጅንን የመሸከም አቅሙን ያሳድጋል።

ኒስካነን ካደረጉት ሁሉ ትልቁ ነገር የራሳቸውን ልማድ በሯጩ ላይ አለመጫናቸው ነው። በሮም ለአበበ የሚስማማ ጫማ ባልተገኘ ጊዜ፣ ባዶ እግር መሮጥ ለአውሮፓዊ እብደት በሚመስልበት ዘመን፣ አበበ በለመደው እግሩ እንዲሮጥ ተወሰነ። ውድድሩ ሊያበቃ ጥቂት ሲቀረው፣ ያን ጊዜ በሮም ቆሞ የነበረው የአክሱም ሐውልት ካለበት አካባቢ ካለፉ በኋላ፣ አበበ ፍጥነቱን ጨምሮ ሞሮኳዊውን ራዲ ቤን አብደሰላምን በ25 ሴኮንድ ያህል ቀደመው። ሦስተኛ የወጣው የሊድያርድ ተማሪ ባሪ ማጊ ነበር። ሐውልቱ ራሱ በ2005 ወደ ሀገሩ ተመልሷል።

በቶኪዮ ደግሞ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. አበበ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ስድስት ሳምንት ሳይሞላው ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሴኮንድ ሮጠ፤ ተከታዩን ከአራት ደቂቃ በላይ ጥሎት ገባ። ማራቶንን በኦሎምፒክ ሁለት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰውም ሆነ።

ከሜዳ የተነሡ ኢትዮጵያውያን

ከኒስካነን ቀጥሎ አሠልጣኝነቱ በኢትዮጵያውያን እጅ ገባ። አቶ ንጉሤ ሮባ በወጣትነታቸው የአጭር ርቀት ሯጭ ነበሩ። ከአጭር ርቀት የመጣ ሰው የረጅም ርቀት ሯጮችን ሊመራ ይችላልን ለሚል ጠያቂ፣ መልሱ ምሩጽ ይፍጠር ነው። ምሩጽ በ1980 በሞስኮ 10,000 እና 5,000 ሜትርን ሲያሸንፍ፣ ሁለቱንም ጊዜ 300 ሜትር ያህል ሲቀረው እንደ አጭር ርቀት ሯጭ ተፈትልኮ ወጣ። «ማርሽ ቀያሪው» የተባለውም ስለዚህ ነው። ከ12 ዓመት በፊት በሜክሲኮ ደግሞ ማሞ ወልዴ ማራቶንን አሸንፎ ነበር፤ አበበ በእግሩ ጉዳት ምክንያት 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ሮጦ ባቋረጠበት በዚያው ውድድር ነው። ማሞ በ1956 በሜልቦርን የሮጠው 800 እና 1,500 ሜትርን ነበር። ከ800 ሜትር ወደ ማራቶን ያደረሰው ጉዞ የ12 ዓመት ትዕግሥት ጠይቋል።

ዶክተር ወልደ መስቀል ኮስትሬም ሯጭ ነበሩ፤ ግን በሩጫቸው ብቻ አልረኩም። ወደ ሀንጋሪ ሄደው ሙያውን በትምህርት ቀሰሙና ተመልሰው የብሔራዊ ቡድን አሠልጣኝ ሆኑ። በ1992 በባርሴሎና ደራርቱ ቱሉ በ10,000 ሜትር ያገኘችው ወርቅ፣ በ2000 በሲድኒ የኢትዮጵያ ሯጮች ያገኙት አራት ወርቅ የዘመናቸው ፍሬዎች ናቸው። ዶክተሩ በ2016 አረፉ።

ሌላው መንገድ የበቆጂ ነው። በአርሲ ደጋ በሚገኘው በዚህ ከተማ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር የነበሩት አቶ ስንታየሁ እሸቱ እንደ ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ያሉትን ገና በልጅነታቸው አሠልጥነዋል። ሻምፒዮን የሚታወቀው በስታዲየም ነው፤ የሚገኘው ግን ብዙ ጊዜ በትምህርት ቤት ሜዳ ነው።

ውድድር የሚጠይቀው ምንድን ነው?

ፍጥነታቸውን በአኀዝ ማየት ይጠቅማል። በሮም ስኔል በሰዓት 27 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ኤልየት 25፣ ሃልበርግ ወደ 22፣ አበበ ደግሞ ከ18 ተኩል ኪሎ ሜትር በላይ በሚያስኬድ ፍጥነት ሮጡ። ከአጭሩ ወደ ረጅሙ ሲሄዱ ፍጥነቱ የሚቀንሰው በሲሶ ያህል ብቻ ሲሆን ርቀቱ ግን ከ50 እጥፍ በላይ ይጨምራል። ይህን ሁሉ የሚሸከመው ያው ልብ፣ ያው ሳንባና ያው ጅማት ነው። እንግዲህ አሠልጣኝ ማወቅ ያለበት ሦስት ነገር ነው፤ ውድድሩ የሚጥለውን ጭነት፣ የሯጩን የመሸከም አቅም፣ በሁለቱ መካከል ሊተው የሚገባውን የደኅንነት መጠን።

የራስ ሩጫ የመጀመሪያውን በደንብ ያስተምራል። ትንፋሽ ሲያጥር፣ እግር ሲከብድ፣ ባላንጣ ሲቀድም ምን እንደሚሰማ የሮጠ ሰው ያውቀዋል። ሁለተኛውን ግን አያስተምርም፤ የሌላ ሰው አቅም በራስ ትዝታ አይለካምና። እዚህ ላይ የጌርሽለር ቆጠራና የኢግሎይ ዓይን ያስፈልጋሉ። ሦስተኛው የሚገኘው ከትዕግሥት ነው። መለኪያም ቢሆን ወሰን አለው። በ1968 በሜክሲኮ የ10,000 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤት የነበረው አውስትራሊያዊው ሮን ክላርክ በ2,240 ሜትር ከፍታ ላይ ስድስተኛ ወጥቶ ሜዳው ላይ ራሱን ስቶ ወደቀ። ክብረ ወሰኑ በቆላ የተለካ ነበር፤ ውድድሩ ግን በደጋ ሆነ። ማንኛውም መለኪያ እውነት የሚሆነው በተለካበት ሁኔታ ውስጥ መሆኑን መሐንዲሶች ያውቃሉ።

ይህ ሁሉ የጥንት ታሪክ ብቻ አይደለም። ሜዳልያ ያገኘ ሰው ያለ ሌላ ጥያቄ አሠልጣኝ ሲሆን፣ የምስክር ወረቀት ያለው ደግሞ ሜዳውን ሳይረግጥ ሲያዝዝ የሚጎዱት ወጣቶቹ ናቸው። በሮም ካሸነፉት ሦስት አሠልጣኞች የኋላ ታሪክ የሚገኘው ፍሬ ነገር የአንዱ መነሻ ከሌላው መብለጡ አይደለም። ጫማ ሠሪው ራሱን ፈትኖ ሌሎችን በማየት አረመው። ስልከኛው ከራሱ ሕመም ተስፋን አወጣ። መኮንኑ ከሀገሩ ያመጣውን ወደ ጎን ትቶ በፊቱ የቆመውን ሯጭ ተመለከተ። ሦስቱም ከየት እንደመጡ ሳይሆን ከመጡ በኋላ መማር አለማቆማቸው አንድ አደረጋቸው።

ስለዚህ አሠልጣኝ የሚመርጥ ወገን «ምን ያህል ሮጠህ ነበር?» ብሎ ቢጠይቅ አይሳሳትም፤ በዚያ ላይ ካበቃ ግን ይሳሳታል። «ካሠለጠንካቸው ውስጥ ስንቶቹ ሳይሰበሩ አደጉ? ዘዴህ ሳይሠራ ሲቀር ምኑን ለወጥህ?» ብሎም መጨመር ይገባዋል። እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ያለ ማመንታት የሚመልስ ሰው፣ የሮጠም ይሁን ያልሮጠ፣ የወጣቶችን እግር በአደራ ሊረከብ ይችላል።